የተለወጠው ሕዝቡ ነው ወይስ መጠይቁ? የአመለካከትና የኑሮ እርካታ ለውጥን በዳሰሳ የመከታተያ መመሪያ

በአንድ ዙር ዳሰሳ ሰዎች ዛሬ ምን እንደሚያስቡ ማወቅ ይቻላል። ከሁለት ዓመት በኋላ ተመልሶ «ሐሳባቸው ተለውጧል ወይ?» ለሚለው መልስ መስጠት ግን ሌላ ሥራ ነው፤ ብዙ ጥናት የሚሰናከለውም እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያው ዙር በጥንቃቄ ይሠራል። ሁለተኛው ሲደርስ አንዱ ጥያቄ «ተሻሽሏል»፣ መጠይቁ ረዝሟል፣ ቤት ለቤት የነበረው ቃለ መጠይቅ በስልክ ሆኗል። ከዚያ ውጤቱ አምስት ነጥብ ሲወርድ፣ የወረደው የሰዉ ስሜት ይሁን መለኪያው የተዛባ፣ የሚያውቅ የለም።

ይህ መመሪያ ተደጋጋሚ ዳሰሳ ለመጀመር ላሰበ ተመራማሪ ወይም የክትትልና ግምገማ ባለሙያ ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ደረጃ 1፦ የሚከታተሉትን ለውጥ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ

«የሕዝብ አመለካከትን መከታተል» ምኞት እንጂ ዓላማ አይደለም። «ዕድሜያቸው 18 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች በፍርድ ቤቶች ላይ ያላቸው እምነት በየሁለት ዓመቱ ከፍ ወይም ዝቅ ማለቱን ማወቅ» ሲባል ግን ማን፣ ስለ ምን፣ በምን ያህል ጊዜ የሚለው ተለይቷል።

የጊዜ ልዩነቱን የሚወስነው የሚለካው ነገር ፍጥነት ነው። እሴት ዝግ ብሎ ይሄዳል፤ በ1981 የተጀመረው የዓለም የእሴቶች ዳሰሳ በዙሮቹ መካከል የዓመታት ክፍተት የሚተወው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2002 የተጀመረው የአውሮፓ ማኅበራዊ ዳሰሳ በየሁለት ዓመቱ ይካሄዳል። በመንግሥት ላይ ያለ እምነት በወራት ሊነቃነቅ ይችላል። «ትናንት ምን ያህል ተጨነቁ?» የሚለው ደግሞ ከቀን ቀን ይለያያል። ቀስ ብሎ የሚሄደውን ነገር በየሦስት ወሩ መጠየቅ ገንዘብ ማባከን ነው፤ ፈጣኑን በየአምስት ዓመቱ መጠየቅ ደግሞ ሁለት የዘፈቀደ ነጥቦችን በመስመር ማያያዝ ይሆናል።

ደረጃ 2፦ ያንኑ ሰው ደጋግመው ይጠይቁ እንደሆነ ወይም በየዙሩ አዲስ ሰው ይመርጡ እንደሆነ ይወስኑ

ሁለቱም መንገዶች ረጅም ታሪክ አላቸው። በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ኖርክ የተባለ የጥናት ማዕከል ከ1972 ጀምሮ የሚያካሂደው የአሜሪካ አጠቃላይ ማኅበራዊ ዳሰሳ በመሠረቱ በየዙሩ አዲስ ናሙና ይወስዳል። የብሪታንያው የማኅበራዊ አመለካከቶች ዳሰሳም ከ1983 ጀምሮ እንዲሁ ነው። በ1984 የተጀመረው የጀርመን የማኅበረ ኢኮኖሚ ፓነል ግን እነዚያኑ ቤተሰቦች በየዓመቱ እየተመለሰ ይጠይቃል።

ልዩነቱ እንዲህ ይታያል። በሁለቱም ዙር 40 በመቶው «ደስተኛ ነኝ» ቢል፣ አዲስ ናሙና የሚወስደው ጥናት «ለውጥ የለም» ይላል። ፓነሉ (ያንኑ ሰው ደጋግሞ የሚጠይቀው ጥናት) ግን ከመጀመሪያዎቹ ደስተኞች ግማሾቹ መውጣታቸውንና በቦታቸው ሌሎች መግባታቸውን ሊያሳይ ይችላል። ማን እንደተለወጠና ከምን በኋላ እንደተለወጠ (ከሥራ ማጣት፣ ከጋብቻ፣ ከሕመም) ማወቅ ከፈለጉ ከፓነል ሌላ አስተማማኝ መንገድ የለም። ዋጋውም ከባድ ነው፤ ሰው ይሰደዳል፣ ይሰለቻል፣ ይሞታል፣ የቀሩትም መጠየቅን ይለምዱታል። አቅምዎ ውስን ከሆነ የኔ ምክር በየዙሩ አዲስ ናሙና መውሰድ ነው። በግማሹ የተበተነ ፓነል ከሁለቱም ያጣ ነው።

ደረጃ 3፦ ጥያቄ ከመፍጠርዎ በፊት ይዋሱ

አዲስ ጥያቄ የሚነጻጸርበት ያለፈ ታሪክ የለውም። ለዓመታት የተጠየቀ ጥያቄ ግን ድክመቱ እንኳ የታወቀ ነው። በተለይ በኑሮ እርካታ ላይ ከባዶ መነሳት አያስፈልግም፤ የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት በ2013 በዚሁ ጉዳይ ላይ ሰፊ መመሪያ አውጥቷል። ሦስት የተፈተኑ መለኪያዎች እነሆ፦

የካንትሪል መሰላል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሃድሊ ካንትሪል ያዘጋጀው ነው። መላሹ ከ0 እስከ 10 ደረጃ ያለው መሰላል እንዲያስብ ይደረጋል። የላይኛው ለእሱ ከሁሉ የተሻለው ሕይወት፣ የታችኛው ከሁሉ የከፋው ነው፤ አሁን በየትኛው ላይ እንደቆመ ይናገራል። በየዓመቱ የሚወጣው የዓለም የደስታ ሪፖርት አገሮችን የሚደረድረው በዚህ ጥያቄ ነው፤ በርዕሱ «ደስታ» ቢባልም የሚለካው ሰው ስለ ኑሮው የሚሰጠውን ፍርድ ነው።

የብሪታንያ የስታቲስቲክስ ቢሮ አራት ጥያቄዎች። ከ2011 ጀምሮ ይጠየቃሉ፣ ሁሉም ከ0 እስከ 10 ናቸው። በሕይወትዎ ምን ያህል ረክተዋል፤ የሚሠሯቸው ነገሮች ምን ያህል ትርጉም አላቸው፤ ትናንት ምን ያህል ደስተኛ ነበሩ፤ ትናንት ምን ያህል ተጨንቀው ነበር። አራተኛው አቅጣጫው የተገላቢጦሽ ነው፤ ከፍ ያለ ቁጥር መጥፎ ነው። ሦስት ጊዜ «10 ጥሩ ነው» ብሎ የለመደ መላሽ በአራተኛው ይሳሳታል፤ መረጃ የሚተነትነውም እንዲሁ። ስለዚህ ጠያቂው እዚያ ላይ ቆም ብሎ መለኪያውን ደግሞ ያንብብ።

የዓለም ጤና ድርጅት አምስት ጥያቄዎች። ባለፉት ሁለት ሳምንታት ስለነበረ ስሜት ነው። አምስቱም በአዎንታ የተጻፉ ሲሆን እያንዳንዳቸው ከ0 እስከ 5 ይሰጣቸዋል። ድምሩ እስከ 25 ይደርሳል፤ በ4 ሲባዛ ከ0 እስከ 100 ይሆናል።

ከእነዚህ አንዱን መርጠው ሳይቀይሩ ይያዙ። የሁለቱን ድብልቅ «የራሳችን መለኪያ» ብሎ መሥራት ለአመራር ስብሰባ ያምር ይሆናል፤ ከማንም ጋር ግን አይነጻጸርም።

ደረጃ 4፦ ቃሉን ይቆልፉ

ለውጥን የሚለካ ሰው መለኪያውን አይለውጥም። ሁሉም ይህን ያውቃል፤ በተግባር ግን በእያንዳንዱ ዙር «ይህችን ቃል ብቻ እናስተካክላት» የሚል ሰው አይጠፋም። በ1941 ዶናልድ ራግ ያሳተመው ሙከራ ይህችን አንድ ቃል ለሚንቅ ሰው ይጠቅማል። ለአሜሪካውያን ዴሞክራሲን የሚቃወም ንግግር በአደባባይ እንዲደረግ «ሊፈቀድ ይገባል?» ተብሎ ለአንዱ ቡድን፣ «ሊከለከል ይገባል?» ተብሎ ለሌላው ቀረበ። «አይፈቀድ» ያሉት «ይከለከል» ካሉት በ20 ነጥብ ገደማ በለጡ። ጉዳዩ አንድ ነው፤ የተለያየው ግሡ ብቻ ነው።

የሚቆለፈው የጥያቄው ዓረፍተ ነገር ብቻ አይደለም። የመልስ አማራጮቹ ብዛትና ቅደም ተከተል፣ መካከለኛ አማራጭ መኖር አለመኖሩ፣ «አላውቅም» የሚለው ለመላሹ ይነበብ ወይም አይነበብ፣ ካርድ ይታይ ወይም አይታይ፣ የተርጓሚው የመጨረሻ ቅጂ፣ ይህ ሁሉ በአንድ ሰነድ ተጽፎ ቀንና የቅጂ ቁጥር ይሰጠው። «እስማማለሁ፣ አልስማማም» የሚል ቅርጽን ከመጀመሪያው ባይጠቀሙ ይመረጣል፤ ሰው በትሕትናም በድካምም ወደ «እስማማለሁ» ያዘነብላል። አንዴ ከጀመሩበት ግን በሁለተኛው ዙር አይተዉት።

ቃል የሚያረጅበት ጊዜ አለ። የአሜሪካው የዳሰሳ ድርጅት ጋለፕ ነጮችና ጥቁሮች ስለሚጋቡበት ሁኔታ አሜሪካውያንን ሲጠይቅ በ1958 የደገፉት 4 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2021 94 በመቶ ደርሰዋል። በእነዚያ ዓመታት ጥቁሮች የሚጠሩበት ቃል ራሱ ስለተቀየረ ጥያቄውም ተቀይሯል፤ በ1958ቱ ቃል ዛሬ መጠየቅ መላሹን ማስቀየም ነው። መቀየር ግድ ሲሆን አንድ ዙር ለሽግግር ይመድቡ። ናሙናውን በዕጣ ለሁለት ከፍለው ግማሹን በአሮጌው፣ ግማሹን በአዲሱ ቃል ይጠይቁ። በሁለቱ መካከል የሚታየው ልዩነት የቃሉ ነው፤ ቀሪው የጊዜው።

ደረጃ 5፦ ቅደም ተከተሉንም እንዲሁ

የኢኮኖሚ ባለሙያው አንገስ ዲተን የጋለፕን ዕለታዊ ዳሰሳ ሲመረምር ያገኘው ነገር ለእኔ ከሁሉ አስተማሪው ነው። የመሰላሉ ጥያቄ ከፖለቲካ ጥያቄዎች በኋላ ሲመጣ ሰዎች ለገዛ ሕይወታቸው የሚሰጡት ደረጃ በግልጽ ዝቅ አለ። ስለ አገሩ አካሄድ ተጠይቆ የተናደደ ሰው ንዴቱን ወደሚቀጥለው መልስ ይዞት ይሄዳል። ጋለፕ በመካከል ስለ ግል ሕይወት የሚጠይቅ ማሸጋገሪያ ሲያስገባ ጫናው በአብዛኛው ጠፋ።

ስለዚህ የኑሮ እርካታ ጥያቄዎች ከመግቢያው ቀጥሎ፣ ስለ ገቢ፣ ስለ ጤናና ስለ ፖለቲካ ከመጠየቁ በፊት ይቀመጡ። አዲስ ጥያቄ የሚጨመረው መጨረሻ ላይ ነው። ገንዘብ የሰጠ ድርጅት «የኛ አሥር ጥያቄዎች መጀመሪያ ይሁኑ» ካለ ይህን ምክንያት ያስረዱት።

ደረጃ 6፦ ናሙናው ከብዛቱ አመራረጡ

በ1936 ሊተረሪ ዳይጀስት የተባለው የአሜሪካ መጽሔት ለ10 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ወረቀት ልኮ ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ ሰበሰበ፤ አልፍ ላንደን የፕሬዚዳንት ምርጫውን እንደሚያሸንፍም ተነበየ። ፍራንክሊን ሩዝቬልት ከ48 ግዛቶች 46ቱን አሸነፈ። ስም ዝርዝሩ የተወሰደው በአብዛኛው ከስልክና ከመኪና ባለቤቶች መዝገብ ነበር፤ መልስ የላኩትም ወረቀቱ ከደረሳቸው ውስጥ የተለዩ ሰዎች ነበሩ። በማኅበራዊ ሚዲያ የተለጠፈ መጠይቅ ዛሬ የሚሠራው ስህተት ይኸው ነው።

እያንዳንዱ ሰው የመመረጥ ዕድሉ የሚታወቅበትን ዘዴ ይጠቀሙ። መጀመሪያ ቦታዎች፣ ከዚያ ቤቶች፣ ከዚያ በቤቱ ውስጥ አንድ ሰው በዕጣ ይወጣል። ለመጨረሻው ደረጃ ሌስሊ ኪሽ በ1949 ያቀረበው ሠንጠረዥ አለ፤ ቀለል ያለው ደግሞ ልደቱ በቅርቡ ያለፈውን ሰው መምረጥ ነው፣ ሰዎች የልደት ቀናቸውን በሚያውቁበት ቦታ። ወሳኙ ሕግ አንድ ነው፦ የተመረጠው ሰው ቤት ከሌለ በጎረቤት አይተካም፤ በሌላ ሰዓት ይመለሱበታል። ቀን ቀን ቤት የሚገኘው አረጋዊ፣ ሥራ ያጣና ልጅ የሚያሳድግ ነው፤ የእነሱ ስሜት የሁሉ ሰው ስሜት አይደለም።

ብዛትን በተመለከተ ይህን ስሌት ያስታውሱ። 1,000 ሰው በዕጣ የወጣበት ናሙና የስህተት ወሰኑ (ውጤቱ ከእውነተኛው ቁጥር ወደ ላይም ወደ ታችም ሊርቅ የሚችልበት መጠን) ወደ 3 የመቶኛ ነጥብ ገደማ ነው። የሁለት ዙሮችን ልዩነት ሲለኩ ግን ስህተቱ ከሁለቱም ወገን ይመጣል፤ ወሰኑ ወደ 4.4 ነጥብ ይሰፋል። ሰዎቹ በአካባቢ ተሰብስበው ከተመረጡ ከዚያም ይበልጣል። የ3 ነጥብ ለውጥ ማየት የሚፈልግ ሰው በየዙሩ 1,000 ሰው አይበቃውም፤ 2,500 ያህል ያስፈልገዋል፣ ያውም ናሙናው በአካባቢ ካልተሰበሰበ።

ደረጃ 7፦ የመጠየቂያው መንገድ

ፊት ለፊት የሚጠየቅ ሰው ራሱን ትንሽ አሳምሮ ያቀርባል። ብቻውን በስክሪን ላይ የሚሞላ ሰው ደግሞ የኀፍረቱ መጠን ይቀንሳል። በጆሮ የሚሰማ ሰው መጨረሻ የተነበበውን አማራጭ፣ በዓይን የሚያነብ የመጀመሪያውን የመምረጥ ዝንባሌ አለው። በመሆኑም መንገዱን መቀየር ሳያውቁት ጥያቄውን መቀየር ነው።

የአሜሪካው አጠቃላይ ማኅበራዊ ዳሰሳ ለአሥርተ ዓመታት በዋናነት ፊት ለፊት ሲካሄድ ኖሮ በኮቪድ ምክንያት የ2021ዱ ዙር በአብዛኛው ወደ ኢንተርኔት ተዛወረ። «በጣም ደስተኛ ነኝ» ያሉት በእጅጉ ቀነሱ። ከወረርሽኙ ምን ያህሉ፣ ከስክሪኑ ምን ያህሉ? አዘጋጆቹ ራሳቸው ተጠቃሚዎች ሲያነጻጽሩ እንዲጠነቀቁ አሳስበዋል። ጊዜ ያለው ሰው ግን በደረጃ 4 እንዳየነው ሁለቱን መንገዶች ለአንድ ዙር ጎን ለጎን ያካሂዳል። ውድ ነው። ያለፉትን ዙሮች በሙሉ ከመጣል ግን ይረክሳል።

ደረጃ 8፦ መስክ ላይ

ዙሮቹን በተመሳሳይ ወራት ያካሂዱ። በበዓል ሰሞን የተጠየቀ ሰውና በአዘቦት የተጠየቀ ሰው አንድ አይደሉም። «ትናንት» የሚሉ ጥያቄዎች ካሉ ቃለ መጠይቁ በሰባቱም ቀናት ይሰራጭ፤ ካልሆነ ቅዳሜና እሑድ ከመረጃው ይጠፋሉ። ጠያቂ ጥያቄውን ቃል በቃል ያነባል፣ አያብራራም። «ምን ማለት ነው?» ሲባል «እርስዎ እንደሚረዱት» ብሎ ይደግመዋል። አንድ ጠያቂ በጣም ብዙ መጠይቅ አይያዝ፤ የእሱ አነጋገር የውጤቱ አካል ይሆናልና። ከተሞሉት የተወሰኑትን ተቆጣጣሪ ደውሎ ያረጋግጥ።

ስለ ጭንቀትና ስለ ሐዘን ሲጠየቅ የትዳር ጓደኛ ወይም ወላጅ አጠገብ ቁጭ ካለ መልሱ የቤተሰቡ እንጂ የሰውየው አይደለም። ብቻውን የሚሆንበትን ቦታ ይፈልጉ፤ ካልተገኘ «ሌላ ሰው ነበረ» ብለው ይመዝግቡ። ፈቃድ መጠየቅ፣ ማቋረጥ እንደሚችል መንገርና በጣም ለተረበሸ መላሽ የት እርዳታ እንደሚያገኝ የሚገልጽ ወረቀት መያዝ የግድ ነው።

እምቢ ያለውን፣ ያልተገኘውን፣ ያቋረጠውን ሁሉ ይቁጠሩ። የአሜሪካው ፒው የጥናት ማዕከል የስልክ ዳሰሳዎች የምላሽ መጠን በ1997 36 በመቶ ነበር፤ በ2018 6 በመቶ ደርሷል። ዝቅተኛ ምላሽ ብቻውን ውጤቱን አያበላሽም። በዙሮቹ መካከል እምቢ የሚለው ሰው ዓይነት ሲቀየር ነው ሐሰተኛ ለውጥ የሚወለደው።

ደረጃ 9፦ ለውጡን ማንበብ

መጀመሪያ ናሙናውን በዕድሜ፣ በጾታ፣ በትምህርትና በአካባቢ ከሕዝብ ቆጠራ ጋር ያመዛዝኑ፣ ማለትም በናሙናው ከድርሻው ያነሰ ቡድን መልሱ የበለጠ ክብደት ይሰጠው፤ በሁሉም ዙር በአንድ ዘዴ። አዲስ ቆጠራ ሲወጣ የቀድሞዎቹንም እንደገና ካላሰሉ መስመሩ በዚያ ዓመት ብቻ ይዘላል።

አማካይን ብቻ አይመልከቱ። ሁሉም ሰው 6 ቢሰጥም፣ ግማሹ 3 ግማሹ 9 ቢሰጥም አማካዩ 6 ነው፤ ሁለቱ ኅብረተሰቦች ግን አይገናኙም። የብሪታንያው ቢሮ በእርካታ ጥያቄው ከ0 እስከ 4 የሰጡትን «ዝቅተኛ» ብሎ ለብቻ ያወጣል። ያ ቁጥር ብዙ ጊዜ ከአማካዩ ይልቅ ይናገራል።

60 ጥያቄ አንድ ላይ ካነጻጸሩ፣ ምንም ለውጥ ባይኖር እንኳ በ95 በመቶ መተማመኛ ሦስት ያህሉ በአጋጣሚ ብቻ «የተለወጡ» ይመስላሉ። የትኞቹን እንደሚመረምሩ መረጃውን ከማየትዎ በፊት ይጻፉ። ሁለት ዙር ደግሞ አዝማሚያ አይባልም፤ «አደገ» ወይም «አሽቆለቆለ» ለማለት ቢያንስ ሦስተኛውን ይጠብቁ።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ማን እንደተለወጠ ማወቅ ነው። አማካይ የሚነቃነቅባቸው ሦስት መንገዶች አሉ፦ ሰው በዕድሜ ሲገፋ ሐሳቡ ይለወጣል፤ ዘመኑ ሁሉንም አብሮ ይነቀንቃል፤ አሮጌው ትውልድ አልፎ አዲሱ ይተካል። ሦስተኛው ማንም ሐሳቡን ሳይለውጥ ይሆናል። ለምሳሌ ከሕዝቡ አንድ አሥረኛው ተተካ እንበል። ካለፉት ውስጥ ጉዳዩን ይደግፉ የነበሩት 30 በመቶ፣ ከገቡት ውስጥ የሚደግፉት 70 በመቶ ቢሆኑ፣ አንድም ሰው አቋሙን ሳይቀይር የሕዝቡ ድጋፍ 4 ነጥብ ይጨምራል። ጋዜጣ «ሕዝቡ ሐሳቡን ለወጠ» ይላል፤ የተለወጠው ግን ሕዝቡ የተሠራበት ሰው ነው።

ይህን ለማየት መረጃውን በዕድሜ ሳይሆን በልደት ዓመት ይከፋፍሉ። በ1980ዎቹ የተወለዱት በ2010 ከ21 እስከ 30 ዓመት ነበሩ፤ በ2020 ከ31 እስከ 40። በሁለቱም ዙር ያንኑ የልደት ቡድን ያነጻጽሩ። የእያንዳንዱ ቡድን መስመር ጠፍጣፋ ሆኖ አጠቃላዩ ከወጣ፣ ሥራው የትውልድ መተካት ነው። ሁሉም መስመሮች አብረው ከወጡ ዘመኑ ነው። ሦስቱን በሒሳብ ብቻ ፈጽሞ መለየት አይቻልም፤ ከዳሰሳው ዓመት የልደት ዓመት ሲቀነስ ዕድሜ ስለሚሆን ሁለቱ ከታወቁ ሦስተኛው ነጻ አይደለም። «ለየሁት» የሚል ሪፖርት ሲያዩ የትኛውን ግምት ከውጭ እንዳስገባ ይጠይቁ።

ደረጃ 10፦ ማውጣትና ማስቀመጥ

ሪፖርቱ ላይ የጥያቄው ሙሉ ቃል፣ የመስክ ሥራው የተጀመረበትና ያለቀበት ቀን፣ የመጠየቂያው መንገድ፣ የመላሾች ብዛት፣ የምላሹ መጠንና የስህተት ወሰኑ ይቅረብ። ግራፉ ላይ ቃሉ ወይም መንገዱ የተቀየረበት ዓመት ካለ መስመሩን እዚያ ቆርጠው ምክንያቱን ከሥሩ ይጻፉ። የቆረጡት መስመር አስቀያሚ መሆኑን የሚነግርዎ የሥዕል ባለሙያ ይኖራል፤ አይስሙት።

ከመረጃው ፋይል ጋር መጠይቁን በሁሉም ቋንቋዎች፣ የጠያቂዎች መመሪያውን፣ የናሙና አወጣጡን ማስታወሻና የማመዛዘኛውን ስሌት በአንድ ማህደር ያስቀምጡ። የመላሾችን ስምና አድራሻ ግን ለብቻ ይለዩት፤ ፓነል ካልሆነም ያጥፉት። ሦስተኛውን ዙር የሚሠሩት ምናልባት እርስዎን ፈጽሞ የማያውቁ ሰዎች ይሆናሉና፣ ማህደሩን ለአንድ አዲስ ባልደረባ ሰጥተው ያለ እርስዎ እርዳታ የመጀመሪያውን ዙር ሠንጠረዥ እንዲያወጣ ያድርጉ። ያቃተው ቦታ ማስታወሻው የጎደለበት ነው።